ወላጅ ይዘህ ና

ነቀምቴ ክረምት ሲገባባት ከተማ መሆኗን ትተዋለች። ጭጋጉ ከታች ከሸለቆው ይነሳና ወደ ሰፈሬ ወደ ባኬ ጃማ ይወጣል፤ መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን፣ በመጨረሻ ሰዎቹን ይወስዳል። በአጠገቤ የሚያልፍ ሰው "አካም ቡልቴ" ብሎ ሰላም ሲለኝ ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል፣ ፊቱ ዘግይቶ። ያን ጊዜ የሆነውን ሳስታውስ ሁሉም ነገር በዚያ ጭጋግ ውስጥ የሆነ ይመስለኛል። አንዳንዱ ቀን ፀሐይ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ፀሐዩን አላስታውሰውም፤ ከፈለገ ሌላ ሰው ያስታውሰው።

በአንድ ማሰልጠኛ ማዕከል የልብስ ስፌት አሰልጣኝ ነኝ። ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ትንሽ ሠርቼ ዝውውር ልጠይቅ ነበር፤ መጠየቁን እየረሳሁ እዚሁ ቀረሁ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ተባልኩና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ አደረጉኝ። ሰው በእጅ ጽሑፉ ይህን ያህል እንደሚቀጣ አላውቅም ነበር። ስብሰባ አልወድም። የምንሰበሰብበት ክፍል ድሮ የክርና የጨርቅ መጋዘን ስለነበር አሁንም አዲስ አቡጀዲ አቡጀዲ ይሸታል፤ ንግግር ሲረዝም ዓይኔን በመስኮቱ አስወጣና እኔም ተከትዬው እሄዳለሁ። የማዕከሉ ዲን፣ ሰብሳቢያችን፣ ይህን ስለሚያውቅ ቁም ነገር ላይ ሲደርስ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ ያደርግና "ጻፊ" ይለኛል። ያን ጊዜ ከሄድኩበት እመለሳለሁ።

እኛ ዘንድ የሚያስፈሩ ሁለት ቃላት አሉ፤ እገዳና ስንብት። የታገደ ሰልጣኝ ለተወሰነ ጊዜ ከግቢ ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። የተሰናበተ ፍራሹንም መታወቂያውንም አስረክቦ ይሄዳል፣ አይመለስም። በሁለቱ መሃል የሚቆመው ወላጅ ነው። ወላጅ ቀርቦ "ኃላፊነቱን እወስዳለሁ" ብሎ ከፈረመ ከባዱ ጥፋት እንኳ ወደ እገዳ ይወርዳል። ወላጅ ከቀረ ግን ደንቡ ወለም ዘለም አያውቅም። በዚህ አገር ትምህርት ቤት ያየ ሁሉ "ወላጅ ይዘህ ና" የሚለውን ያውቀዋል፤ እኔ ዛሬም ለሌላ ሰው ሲባል ስሰማው ምን አጥፍቼ ይሆን እላለሁ።

ወደ ሰሜን የሚወስዱት መንገዶች በግጭት መዘጋት ከጀመሩ ወዲህ ግን ይህ ደንብ መልኩን ቀየረ። ከኪራሙና ከጊዳ አያና የመጡት ልጆች ወላጅ አምጡ ሲባሉ ከየት ያምጡ? የአንዳንዶቹ ቤተሰብ መኪና የለውም፣ የአንዳንዶቹ መንገድ የለውም፣ የአንዳንዶቹ ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ ልጆቹ ወላጅ መዋስ ጀመሩ። ጥሩ ካፖርት የነበረው አንድ ሰውዬ የስንቱ አጎት ሆኖ እንደቀረበ ቆጥሬ አልጨረስኩም። አንድ ቀን ዲኑ ራሱ በር ላይ ጨብጦት "ዛሬ ደግሞ የማን አጎት ነዎት?" አለው። ሰውዬው ሳያፍር ስሙን ከወረቀት ላይ አንብቦ ነገረው። ሁላችንም ሳቅን፣ ልጁም ታገደ እንጂ አልተሰናበተም። እንዲህ ዓይናችንን ጨፈን እያደረግን ነበር የምንኖረው።

ያን ክረምት በእንጨት ሥራው ወርክሾፕ ሁለት ልጆች ተጣሉ። አንድ የሥራ ጠረጴዛ የሚጋሩ ነበሩ። አንዱ ከኪራሙ በኩል የመጣ፣ አማርኛ ተናጋሪ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከወሎ የሄዱ ስለሆኑ "እማየ" እና "እቴ" ሲል እኔ አሰልጣኝነቴን ረስቼ ደሴ ሰኞ ገበያ እደርሳለሁ፤ እንዳላዳላለት ብዬ ነው መሰለኝ ፊቴን የማጠቁርበት። ሌላው ከጊዳ አያና ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ጠብ ሲነሳ የኪራሙው መሮ አነሳ። የአያናው ክንዱ ላይ ተቆረጠ፤ የኪራሙው ደግሞ የፊት ጥርሱ ተሰበረ። በምን ተጣላችሁ ሲባሉ ሁለቱም ለየብቻ ተጠይቀው አንድ መልስ ሰጡ፦ በመላጊያ። ማን ቀድሞ እንጨት ይላግ በሚል። የወርክሾፑ አሰልጣኝ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለውን መላጊያ ሰው ለሰው ይገፋው እንደሆነ እንጂ ማንም እንደማይሻማበት ነገረን፤ ልጆቹ ግን ከመላጊያው ሌላ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

በስለት መጣላት ስንብት ነው። ዲኑ ለሁለቱም ዓርብ ወላጅ ይዛችሁ ኑ አላቸው፤ አንዱን ከምሳ በፊት፣ ሌላውን ከምሳ በኋላ፣ በር ላይ እንዳይገናኙ። ክፉ ሰው አይደለም። የዚሁ የነቀምቴ ልጅ፣ ቀጥ ያለ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። መሮ ግን አስፈርቶታል። በአገሩ ላይ ያለው ነገር በኔ አጥር ውስጥ አይገባም አለን። ልጆቹ ከተሰናበቱ ማደሪያ የላቸውም፣ የሚመለሱበት ቤትም የላቸውም፤ ይህን እሱም እኔም እናውቀዋለን። በዚያ ሳምንት የስፌት መኪና ድምፅ ሁሉ የት ይገቡ ይሆን የሚል ጥያቄ ይሆንብኝ ነበር።

አሁን ስለ አከራዬ መናገር አለብኝ። ባኬ ጃማ በእሷ ግቢ ነው የምኖረው። ገበያ ዳር አቮካዶና ቲማቲም የምትሸጥ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ የእናቶች መዘምራን ውስጥ የምትቆም፣ ሁለቱንም ቋንቋ እያቀያየረች የምትቆጣ ሴትዮ ናት። እኔ አዴ፣ እማማ እንደ ማለት፣ እላታለሁ፤ እሷ "ኢንተላ ኮ" ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። ግቢው ውስጥ የሷ ቤት፣ የኔ ክፍልና ከኔ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ የተቆለፈ ክፍል አለ። ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። አንድ ጊዜ ለሥራ ባልደረባዬ እንድታከራይልኝ ጠይቄያት አይሆንም አለችኝ። "አዴ፣ ወርቅ ነው እንዴ ያስቀመጡበት?" ብላት "አይጥ ነው ያስቀመጥኩበት፣ ይወፍርልኝ ብዬ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም።

ዓርብ ጠዋት የኪራሙው ልጅ ገባ። ከኋላው ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷን ደፍታ እናቱ ገባች። ቀና ስትል አከራዬ ናት።

እሷ እኔን አይታ እንደማታውቅ ሰው "እንደምን አደርሽ፣ ልጄ" አለችኝ። ጠዋት እኮ ከሷ ምድጃ ላይ ሻይ ጠጥቼ ነው የወጣሁት። ዲኑ እናት መሆኗን ጠየቃት፣ ነኝ አለች። እንዴት መጡ አላት፣ እግዚአብሔር አመጣኝ አለች፤ ይህም ውሸት አይባልም። ልጁን ቀጥ ብለህ ቁም ብላ ትከሻውን መታ አደረገችው። ልጁ መሬት መሬት ያያል፣ የተሰበረ ጥርሱን በምላሱ ይነካካል። አማርኛዋ የነቀምቴ ገበያ አማርኛ መሆኑን ዲኑ ሳይሰማው አልቀረም። ግን ይፈርሙ አላት፣ ስሟን አሳምራ ጻፈች። "ጻፊ" አለኝ፣ እናት ቀርባለች ብዬ ጻፍኩ። ሳቄን ይዤ ይዤ ጎኔን አመመኝ። ልጁን ምን ጊዜ እንዳወቀችው ግን አልገባኝም፤ በኋላ እንደሰማሁት የገበያ መደርደሪያዋን የጠገነላት እሱ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጭጋጉ ግቢውን ሞላው። የአያናው ልጅ ማንን ይዞ ይመጣ ይሆን እያልኩ ተቀመጥኩ፤ ያ ባለ ካፖርት ሰውዬ ወጥቶ በጭጋጉ ውስጥ ሲመጣ የሚታየኝ ይመስለኝ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ልጁ ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ ገባ። እናቱ ተከተለችው። ነጠላዋን ጥላ አረንጓዴ ሻሽ አስራለች እንጂ አከራዬ ናት።

ሁለት እርምጃ ከገባች በኋላ ነው ያየችን። ዲኑን አየች፣ የወርክሾፑን አሰልጣኝ አየች፣ እኔን አየች። አሁን እንደምታውቀኝ ሰው ነው ያየችኝ። ዲኑ መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገ።

"እናቴ፣ ጠዋት የዚያኛው ልጅ እናት ነበሩ" አላት።

"ነኝ" አለች። ከዚያ እኛው ያጠፋን ይመስል ተቆጣች። "ከሰዓት ሌሎች ትሆናላችሁ ብዬ ነዋ። ጤና ጣቢያ ከምሳ በኋላ ተረኛው ይቀየራል።"

የወርክሾፑ አሰልጣኝ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ዲኑ አልሳቀም። በውሸት ወላጅ ስም የተፈረመ አይጸናም፤ ስለዚህ የጠዋቱም ተሰርዟል፣ ሁለቱም ይሰናበታሉ አለ። እውነቱን ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ይላል። ያ ሁሉ አጎት ያለፈበት በር ዛሬ የተዘጋው ውሸቱ ዓይን ስለወጋ ነው። "ጻፊ" አለኝ።

አልጻፍኩም። ደፋር ሰው አይደለሁም፤ ሰው ፊት ስናገር አንገቴ ይቀላል። ግን ያን ቀን ከመስኮቱ ውጭ አልነበርኩም፣ ሙሉ በሙሉ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ሰልጣኝ በሌለበት ስንብት አይወሰንበትም፣ ይህም ደንብ ነው፣ የኪራሙውን ልጅ እናስጠራው አልኩ። ዲኑ ደንቡን ገልጦ አየ። ከዚያ ዘበኛውን ላከ። ስንጠብቅ ጭጋጉ በተከፈተው መስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። አከራዬ ተቀመጪ ብትባል እምቢ ብላ ቆመች።

የኪራሙው ልጅ መጣ። እሷን ከሌላው ልጅ አጠገብ ሲያያት ደጃፉ ላይ ደረቀ። የአያናውም እሱን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና እሱን አየ። ሁለቱም ሳይነጋገሩ አንዲት እናት መርጠው ነበር፤ የአያናው ደግሞ በመዘምራን ውስጥ ስትዘምር አይቷት ነው የለመናት። አንዳቸውም ስለ ሌላው አያውቁም። እሷ ግን ለሁለቱም እሺ ስትል የሁለቱንም ነገር ሰምታ ነበር፤ አሁን የሰማችውን ለእኛ ተናገረች። አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ፣ ማን የትኛውን እንደሚሰማ ሳትለይ።

መላጊያ አይደለም ያጣላቸው አለች። የኪራሙው ልጅ በተጣሉበት ቀን ጠዋት ስልክ ተደውሎለት ነበር። ቀበሌው ባዶ ሆኗል፣ እናቱ የገባችበት አልታወቀም ተባለ። ለማንም ሳይናገር ወርክሾፕ ገባ። የአያናው ስልኩ ላይ አንድ ነገር እያየ ይስቃል። ይሄ የመጣብኝን ሰምቶ በእኔ ላይ ነው የሚስቀው ብሎ ሰደበው። ያኛው ደግሞ ያየው የነበረው የአጎቱን ሰርግ ነው። እዚያ ሰርግ ላይ እናቱ ትጨፍራለች፤ ጫማዋ ሲወልቅ፣ ሳትቆም በባዶ እግሯ ስትቀጥል። ሞታለች። ከዚያች ቪዲዮ በቀር ምስሏ የለውም። በዚያች ላይ ሲሰደብ ጊዜ መታው።

እኔ እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም፤ ጸሐፊ አያልቅስ የሚል ደንብ አላየሁም።

የኪራሙው ልጅ በዝግታ "ያቺ ቢጫ ሻሽ ያሰረችው ናት?" አለው።

የአያናው አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"አላወቅኩም እኮ" አለ የኪራሙው።

ዲኑ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆየ። ምን እንዳየ አላውቅም፣ ከነጭ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ሲመለስ ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆኗል። እገዳ ይሁን አለ፣ ለሁለቱም፣ እስከ መስከረም። ግን እገዳ ማለት ከግቢ መውጣት ነው፣ የታገደ ልጅ በወላጁ ቤት ነው የሚቀመጠው። ፈርመው የሚሄዱበት ነገር አይደለም አላት። "ሁለቱንም ይወስዳሉ?"

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ክሩን በጣቷ ያዘች።

"እወስዳለሁ።"

የዚያን ዕለት ከሥራ ስመለስ የተቆለፈው ክፍል ተከፍቶ አገኘሁት። ልጆቹ ፍራሻቸውን ይዘው እንደ ባዕድ በረንዳው ላይ ቆመዋል፣ እሷ ትጠርጋለች። ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብና ማሰሪያው እንደታሰረ የተቀመጠ ጫማ ነበር። ምንም ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ መጥረጊያዋን ሳታቆም ነው የነገረችኝ። ወንድ ልጅ ነበራት። ትምህርት ቤት ተጣልቶ ወላጅ አምጣ አሉት። ያን ሰሞን አቮካዶ በአይሱዙ የሚጫንበት ጊዜ ስለነበር ነገ እመጣለሁ አለችው። በነገታውም ነገ አለችው። ልጁ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት እንደነበር የሰማችው ከተባረረ በኋላ ነው። ቤት እየዋለ ከረመ፣ አኮረፋት፣ አንድ ቀን ወጣ። አሶሳ ሄደ አሉኝ አለች፤ ከዚያ ሱዳን አሉኝ፤ ከዚያ የሚለኝ ሰው ጠፋ። ሹራቡን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችውና ወደ ቤቷ ይዛው ገባች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንደ ህልም ናቸው፣ ከየት ጀምረው የት እንዳበቁ አላውቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከግድግዳው ማዶ ምንም አይሰማም ነበር፤ ሁለት ሰው ሲያኮርፍ ከአንድ ሰው የበለጠ ዝም ይላል። አንዱ አልጋው ላይ፣ ሌላው መሬት። ከዚያ መሬት የተኛው ያስላል ብላ አከራዬ ሳንቃ አስመጣች፣ ሁለተኛ አልጋ ሥሩ አለቻቸው። ከወርክሾፑ አሰልጣኝ አንድ መላጊያ ተዋስኩላቸው። እውነትም አሁን በመላጊያ ተጣሉ! እሷ ከገበያ ስትመለስ ድምፃቸውን ከመንገድ ሰምታ አንዱን በኦሮምኛ ሌላውን በአማርኛ ሰደበቻቸው፣ ቀጥላ ገልብጣ ሰደበቻቸው። ሁለቱም ሳቁ። አልጋው አንድ እግሩ አጠረ፣ ድንጋይ ተደረገለት።

ሲመሻሽ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የሰርግ ዘፈን ከግድግዳው ማዶ ይመጣል። ያው አንድ ዘፈን፣ ጭብጨባው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይቆማል፣ ከዚያ ይመለሳል። አንድ ቀን በራቸው ክፍት ሆኖ ሳልፍ ሁለቱም አንድ ስልክ ላይ ጎንበስ ብለው አየኋቸው። የኪራሙው "አሁን ነው ጫማዋ የሚወልቀው" ሲል ሰማሁት። ማታውን ደብዳቤ ቢጤ ለእህቴ ጀመርኩና ዝውውር እንደማልጠይቅ ነገርኳት።

ነሐሴ ሲያልቅ የኪራሙው ልጅ እናት ዓባይን ተሻግራ ቡሬ መድረሷ ተሰማ። ስልክ ተገኘላትና ልጁ ደወለ። ሲያለቅስ ቆይቶ ስልኩን ለአከራዬ ሰጣት። ሁለቱ ሴቶች የተነጋገሩት ስለ ጥርሱ ነው። አንዷ እንዴት ተሰበረ ትላለች፣ ሌላዋ ልጅ እኮ ነው ወድቆ ነው ትላለች። እኔ በረንዳ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ እሰማለሁ። ለዚህች ውሸት ማንም ኮሚቴ አልጠራትም።

እገዳው ሲያበቃ ልጅ ብቻውን አይመለስም፤ ወላጅ ይዞት ቀርቦ ለኮሚቴው ማስረከብ አለበት። አውቃለሁና ቀኑን ነገርኳቸው፤ ጠዋት ነው አልኩ። እሷ ለዚያ ቀን ገበያ እንደማትወጣ ለጎረቤቶቿ ቀድማ ተናገረች፣ አቮካዶውን ለሌላ ሰው ሰጠች። እኔ ቀድሜ ሄጄ ክር መጋዘኑ ውስጥ ቦታዬን ያዝኩ። ጭጋጉ እየሳሳ ነበር። በመስኮቱ ስመለከት ከታች ከመንገዱ ሦስት ሰዎች ሲወጡ መጀመሪያ እንደ ጥላ፣ ከዚያ እንደ ሰው ታዩኝ። መሃል ያለችው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከሥሩ አረንጓዴውን ሻሽ አስራለች።

ክፍሉ ገብተው ቆሙ። ዲኑ ጉሮሮውን ጠረገ፣ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ፤ የማን ወላጅ ነዎት አላት። መልሱን እያወቀ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር፣ ግን ጠየቀ።

እሷ በመስኮቱ ወደ በሩ፣ ዘበኛው ወደቆመበት፣ ልጆች ሰው ወደሚጠብቁበት ቦታ አየች።

"ጠራችሁኝ" አለች። "መጣሁ።"

ጻፊ ሳልባል ጻፍኩት።